የትኛው ሎግአውት ይሻላል? ከቤዚክ ኦውዝ እስከ ጄደብሊውቲ

በራሳችሁ ሲስተም ላይ አንድ ሙከራ አድርጉ። ሎግኢን በሉ። የብራውዘሩን ዴቨሎፐር ቱልስ ከፍታችሁ ሰርቨሩ የሰጣችሁን ኩኪ ወይም ቶክን (ማን መሆናችሁን የሚያስታውስበትን አጭር ጽሑፍ) ኮፒ አድርጉ። ቀጥሎ «ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። አሁን ኮፒ ያደረጋችሁትን ይዛችሁ በከርል ወይም በፖስትማን (ያለ ብራውዘር ጥያቄ በሚልኩ ፕሮግራሞች) ያንኑ በፓስዎርድ የተዘጋ ገጽ ጠይቁ። ገጹ ከመጣላችሁ ማንም አልወጣም፤ የተቀየረው ስክሪኑ ብቻ ነው።

ይህን ፈተና የሚወድቁ ሲስተሞች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን ሎግአውትን ሥራው ሲያልቅ የምትቀጠል አንዲት ቁልፍ አድርገን እናስባታለን። ሰው መውጣት መቻል አለመቻሉ ግን የሚወሰነው ገና ሎግኢኑ ሲሠራ ነው፤ ሰርቨሩ ተጠቃሚውን በምን እንደሚያስታውሰው ስንመርጥ። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው። ይህን ሰው አሁኑኑ፣ ብራውዘሩን ሳልነካ፣ ከሰርቨሩ በኩል ማስወጣት እችላለሁ?

ጥያቄው እንዲሁ ለወሬ የመጣ አይደለም። በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አጥቂዎች የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን የመግቢያ ቶክን ሰረቁ። ኩባንያው በመጀመሪያ ግምቱ 50 ሚሊዮን አካውንት ተነክቷል አለ። ለጥንቃቄ ሌላ 40 ሚሊዮን ጨምሮ የ90 ሚሊዮን ያህል ሰው ቶክን ሰረዘ። እነዚያ ሰዎች ከአካውንታቸው ወጥተው እንደገና እንዲገቡ ተጠየቁ። ፓስዎርድ መቀየር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ፌስቡክ ይህን ማድረግ የቻለው ማን ገብቶ እንዳለ ሰርቨሩ ላይ የሚያውቅበትና የሚሰርዝበት መንገድ ስለነበረው ነው። የእናንተ ሲስተም 90 ሚሊዮን ሰው ላይኖረው ይችላል። ከሥራ የተሰናበተ አንድ ሠራተኛ ግን መኖሩ አይቀርም።

ቤዚክ ኦውዝ፦ መውጫ የሌለው በር

ብራውዘሩ ራሱ በሚያወጣት ትንሽ ሳጥን ፓስዎርድ የሚጠይቀው ነው። አፓቺ ወይም ኤንጂንኤክስ በሚባሉት የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሞች ላይ በጥቂት መስመር ይሠራል። ብራውዘሩ ዩዘርኔሙንና ፓስዎርዱን በቤዝ64 ጽፎ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይልካል። ቤዝ64 ደግሞ ምስጢር መደበቂያ ስላልሆነ ያለ ኤችቲቲፒኤስ አይታሰብም።

ችግሩ ፕሮቶኮሉ ላይ «ውጣ» የሚባል ነገር የለም። ብራውዘሩ ፓስዎርዱን በልቡ ይዞ እስኪዘጋ ድረስ መላኩን ይቀጥላል። ሰዎች ዘዴ ፈጥረዋል። ሰርቨሩ ሆን ብሎ 401 (መጀመሪያ ግባ የሚለውን መልስ) እንዲመልስ ማድረግ አለ። በጃቫስክሪፕት የተሳሳተ ፓስዎርድ ልኮ ትክክለኛውን ማስረሳትም አለ። አንዱ ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ ሌላው ላይ ሳጥኗ ደጋግማ ትወጣና ተጠቃሚው ግራ ይጋባል።

የኔ ምክር አጭር ነው። ለዴቨሎፐሮች ብቻ ለተከፈተ የሙከራ ሰርቨር ይሁን። ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን አትጠቀሙበት።

ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ሴሽን

አሮጌው መንገድ ነው፤ አሁንም ለአብዛኛው ሥራ የምመርጠው እሱን ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ሰርቨሩ ረጅምና የማይገመት ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩን በኩኪ ለብራውዘሩ ይሰጣል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን መዝገብ ግን ራሱ ጋ፣ በፋይል፣ በዳታቤዝ ወይም ሬዲስ በሚባለው ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ ያስቀምጣል። ማስወጣት ማለት ያንን መዝገብ መሰረዝ ነው። መዝገቡ ከሌለ ኩኪውን የሰረቀ ሰውም ምንም አያገኝም።

በንድፉ እንዲህ ቀላል ነው። አሠራሩ ላይ ግን ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ፒኤችፒ ላይ «ሴሽን ዴስትሮይ» የሚባለውን ፈንክሽን መጥራት ብቻ በቂ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ያ ፈንክሽን ሰርቨሩ ላይ ያለውን ዳታ ያጠፋል። ብራውዘሩ ጋ ያለውን ኩኪ አይነካም፤ በዚያው ጥያቄ ውስጥ የተጫኑትን የሴሽን ቫሪያብሎችም አያጸዳም። ሦስቱንም ራሳችሁ ማድረግ አለባችሁ። ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ላይም «ሎግአውት» ካላችሁ በኋላ ሴሽኑን ኢንቫሊዴት ማድረግና የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን) መቀየር ይቀራል። የፓይተኑ ጃንጎ የሴሽኑን ዳታና ኩኪውን ማጥፋቱን በአንድ ጥሪ ይጨርሰዋል።

ሌላው ስህተት ሎግኢኑ ላይ ያለው ነው። ተጠቃሚው ሲገባ የሴሽን ቁጥሩ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ አንድ ተንኮለኛ ራሱ የሚያውቀውን ቁጥር ለሌላ ሰው አስይዞ፣ ሰውየው ሎግኢን እስኪል ጠብቆ፣ በዚያው ቁጥር አብሮት ሊገባ ይችላል። ሴሽን ፊክሴሽን ይሉታል። ስለዚህ «እንደገና መግባት» ስትሠሩ አሮጌውን ሴሽን እንደነበረ አትቀጥሉበት፤ ሁሌም አዲስ ቁጥር ስጡ።

«ከሁሉም ስልክና ኮምፒውተር አስወጣኝ» የሚል ቁልፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። የላራቬል የሴሽን ሰንጠረዥ የተጠቃሚውን መለያ፣ የአይፒ አድራሻውንና የመጨረሻ እንቅስቃሴውን ይዟል። ከ11ኛው ቨርዥን ጀምሮ ነባሪው ማስቀመጫም ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ የአንድን ሰው መዝገቦች ፈልጎ መሰረዝ አንድ ኩዌሪ ነው። የጃንጎ ሰንጠረዥ ግን የተጠቃሚ ዓምድ የለውም። በምትኩ ፓስዎርድ ሲቀየር ሌሎቹ ሴሽኖች በራሳቸው ይሞታሉ፤ ምክንያቱም ሴሽኑ ውስጥ ከፓስዎርዱ የተሠራ ሃሽ (ወደ ኋላ የማይፈታ አሻራ) አለ። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል።

ሴሽንን የሚነቅፉ ሰዎች «እያንዳንዱ ጥያቄ ዳታቤዝ ይነካል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ገጹ ራሱ አሥር ኩዌሪ እያደረገ አንዷን የሴሽን ኩዌሪ መፍራት አይገባኝም።

ኩኪው ውስጥ የተጻፈ ሴሽን

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ብዙ ሰው ሳያውቅ ስለሚጠቀምበት ነው። ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ ፍላስክ በነባሪው ሴሽኑን ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም። ዳታውን ፈርሞ ኩኪው ውስጥ ይከተዋል። የሩቢው ሬይልስም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ኢንክሪፕት ያደርገዋል። ሎግአውት ስትሉ ሰርቨሩ ለብራውዘሩ ባዶ ኩኪ ይልካል፤ የሚሰርዘው መዝገብ ስለሌለው ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም። ቀድሞ ኮፒ የተደረገው ኩኪ ፊርማው ትክክል ስለሆነ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ፍላስክ ላይ ነባሪው ገደብ 31 ቀን ነው። መግቢያው ላይ ያለውን ሙከራ በፍላስክ ብትሠሩ የምታዩት ይህንን ነው። መፍትሔው ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ኤክስቴንሽን መጨመር፣ ወይም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ የሴሽን ቁጥር ይዞ ኩኪው ውስጥ ካለው ጋር ማመሳከር ነው።

ጄደብሊውቲ

ጄደብሊውቲ (ጄሰን ዌብ ቶክን) ማን እንደገባ ተጽፎበት የተፈረመ ቶክን ነው፤ በ2015 ደረጃ ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ ፋሽን ሆኗል። ዩቲዩብ ላይ ያለው የሎግኢን ትምህርት ሁሉ በሱ ይጀምራል። ቶክኑ ከቀበሌ በማህተም እንደተጻፈ ደብዳቤ ነው። ማህተሙን ያየ ሁሉ ይቀበለዋል፤ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ቀበሌው ራሱ ሐሳቡን ቢቀይርም ደብዳቤው በሰውየው ኪስ ነው።

ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚህ ይመጣል። ሰርቨሩ ፊርማውን ብቻ አይቶ ስለሚያምን የትኛውም ሰርቨር፣ የትም ቢሆን፣ ዳታቤዝ ሳይጠይቅ መልስ ይሰጣል። ግን ማስወጣት አይችልም። ብዙ ኮርሶች ላይ ያለው «ሎግአውት» ቶክኑን ከሎካል ስቶሬጅ (ብራውዘሩ ውስጥ ካለው ማስቀመጫ) የምታጠፋ አንዲት መስመር ጃቫስክሪፕት ናት። የቶክኑ ዕድሜ 7 ቀን ከሆነ የተሰረቀው ቅጂ 7 ቀን ይሠራል።

ይህን ለማረም ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የተሰረዙ ቶክኖችን ዝርዝር መያዝና እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ማየት። ሁለተኛው በተጠቃሚው መዝገብ ላይ የቶክን ቨርዥን ቁጥር ይዞ፣ ሰውየው ሲወጣ ቁጥሩን በአንድ መጨመር፤ ይህ ከሁሉም መሣሪያ በአንዴ ያስወጣዋል። ሁለቱም ጥሩ ይሠራሉ። ነገር ግን ሁለቱም በየጥያቄው ወደ ዳታቤዝ ወይም ወደ ሬዲስ ይመልሷችኋል። ዞሮ ዞሮ ሴሽን ሠራችሁ ማለት ነው፤ ያውም ረጅምና ከባድ ኩኪ ያለው ሴሽን።

ሦስተኛውና በጣም የተለመደው የሁለት ቶክን አሠራር ነው። አክሰስ ቶክኑ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይኖራል። ሪፍሬሽ ቶክኑ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሰርቨሩ ላይም ይመዘገባል። ሎግአውት ሪፍሬሹን ይሰርዛል፤ አክሰሱ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ያቺን የደቂቃዎች ክፍተት መታገሥ የሚችል ሲስተም ከሆነ ምርጫው ጥሩ ነው።

እዚህ ጋ ስለ ኔትወርካችን አንድ ነገር ልበል። ጥንቁቅ ዴቨሎፐሮች ሪፍሬሽ ቶክኑ በተጠቀሙበት ቁጥር እንዲቀየር ያደርጋሉ። አሮጌው ዳግም ከመጣ ሌባ ነው ብለው ሁሉንም ይዘጋሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰርቨሩ አዲሱን ቶክን ልኮ መሐል ላይ ኔትወርክ ቢቆረጥስ? ስልኩ ጋ ያለው አሮጌው ነው። በድጋሚ ሲሞክር እንደ ሌባ ተቆጥሮ ይባረራል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ያለ ምንም ጥፋቱ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ፓስዎርድ እየተጠየቀ «ይሄ አፕ ያስወጣኛል» ብሎ ያማርራል። ሁለት ታብ እኩል ሪፍሬሽ ሲጠይቁም ያው ነው። አሮጌው ቶክን ለጥቂት ሰከንዶች ተቀባይነት እንዲኖረው ማድረግ ነገሩን ያረግበዋል።

እኔ ብመርጥ፦ ሞባይል አፕ ካላችሁና ከጀርባ ብዙ የተለያዩ ሰርቪሶች ካሉ ሁለት ቶክን። አንድ ሰርቨርና አንድ ዌብሳይት ከሆነ ሴሽን። ቶክኑን ብራውዘር ላይ የግድ የምታስቀምጡ ከሆነም ሪፍሬሹን ጃቫስክሪፕት የማያነበው ኤችቲቲፒ-ኦንሊ ኩኪ ውስጥ አድርጉት። ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ያለን ነገር ገጹ ላይ ሾልኮ የገባ ማንኛውም ስክሪፕት ያነበዋል።

ውጣ የምትለዋ ቁልፍ

ሊንክ ትሁን ፎርም? ፎርም፤ በፖስት (ሊንክ ሲከፈት ሳይሆን ፎርም ሲላክ በሚሠራው የጥያቄ ዓይነት) የምትላክ። በ2005 ጎግል ገጾችን ለማፍጠን ያወጣው ዌብ አክስለሬተር የሚባል ፕሮግራም ገጽ ላይ ያሉ ሊንኮችን ቀድሞ ይከፍት ነበር። ሰዎች ሳይጫኑ ዳታቸው ተሰረዘ፣ ሳያስቡት ከሲስተም ወጡ። ጃንጎም በሊንክ መውጣትን በ5.0 ቨርዥን ሙሉ በሙሉ አስቀርቶታል። ከአሮጌ ቨርዥን ያሳደጋችሁ ሰዎች 405 (ይህ የጥያቄ ዓይነት አይፈቀድም የሚለውን) ያያችሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከወጡ በኋላ «ባክ» ሲጫኑ የቀድሞው ገጽ የሚታይበት ችግር ደግሞ የሴሽን ሳይሆን የካሽ ነው። ሰርቨሩ ማንንም አላስገባም፤ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ነው የሚያሳየው። ለኮሌጅ ላይብረሪ ወይም ለኢንተርኔት ቤት ግን ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ውጤታችሁን አየ። በፓስዎርድ የተዘጉ ገጾች ላይ «ካሽ-ኮንትሮል፦ ኖ-ስቶር» የሚለውን ሄደር ላኩ። ሎግአውት ላይ «ክሊር-ሳይት-ዳታ» የሚባለውን መጨመርም ይቻላል። ኩኪ አጥፋ የሚለውን ስታዙት ግን ተጠንቀቁ፤ የዋናውን ዶሜይን ኩኪዎች ከነሰብዶሜይኖቹ ያጸዳል። ከፖርታሉ የወጣ ተማሪ ከኢሜይሉም ሊወጣ ይችላል።

ስንት ደቂቃ ዝም ቢል ይውጣ?

ነባሪዎቹን አትመኑ። ፒኤችፒ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ይላል። ላራቬል 120 ደቂቃ፣ ጃንጎ 2 ሳምንት። የፒኤችፒው ደግሞ የማጽጃ ጊዜ ስለሆነ በትክክል በ24ኛው ደቂቃ ያስወጣል ማለት አይደለም። የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ሰዓት ራሳችሁ መዝግባችሁ አወዳድሩ።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው፣ የካርድ ክፍያ ደረጃው ፒሲአይ ዲኤስኤስ ከ15 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ዳግም መግባትን ይጠይቃል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ለመካከለኛው የጥበቃ ደረጃ 30 ደቂቃ ዝምታን ወይም በጠቅላላው 12 ሰዓትን ወሰነ፤ ለዝቅተኛው ደረጃ 30 ቀን። ገንዘብ የሚቆጠርበት መስኮት ላይ 15 ደቂቃውን እመርጣለሁ። ለዜና ድረ ገጽ 15 ደቂቃ ቅጣት ነው።

አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ገጹ «አዲስ መልእክት አለ?» እያለ በየ30 ሰከንዱ ሰርቨሩን የሚጠይቅ ከሆነ ሴሽኑ ሁሌ ንቁ ነው። ሰውየው ምሳ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሲስተሙ እሱ እየሠራ ይመስለዋል። እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ከእንቅስቃሴ አትቁጠሯቸው።

መልሶ ማስገባት

ሰው የሚናደደው እዚህ ነው። ረጅም ፎርም ሞልቶ «ላክ» ሲል ሴሽኑ አልቋል። የሎግኢን ገጹ ይመጣል፤ ይገባል፤ ባዶ ፎርም ያገኘዋል። ወደ ሎግኢን ገጽ መመለሱ ለሚነበብ ገጽ ይበቃል፤ ለሚጻፍበት ግን አይበቃም።

አማራጩ እዚያው ገጽ ላይ ትንሽ የሎግኢን መስኮት ማውጣት ነው። ፎርሙ ከጀርባ እንዳለ ይቆያል። ይህን ከመረጣችሁ ሦስት ነገር አትርሱ። ለጃቫስክሪፕት ጥያቄዎች ወደ ሎግኢን ገጽ አትምሯቸው፤ 401 መልሱ፤ አለበለዚያ ኮዱ ጄሰን ሲጠብቅ ኤችቲኤምኤል ይመጣለትና ይሰበራል። እንደገና ሲገባ የሲኤስአርኤፍ ቶክኑ ስለሚቀየር ፎርሙ አዲሱን መያዝ አለበት፤ ላራቬል ላይ 419 (ገጹ ጊዜው አልፏል) የምትለዋ ገጽ የምትመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሦስተኛውና ከባዱ፣ የገባው ሰው ያው ሰው መሆኑን አረጋግጡ። ጠዋት የነበረችው ገንዘብ ያዥ የጀመረችውን ደረሰኝ፣ ከሰዓት የመጣው ባልደረባዋ በራሱ ፓስዎርድ ገብቶ በራሱ ስም ሊልከው ይችላል። ሰውየው ከተለየ ገጹን አጽዱና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ፎርሙ በእርግጥ ረጅም ከሆነ ደግሞ ድራፍቱን በየጊዜው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥን የመሰለ የለም። መብራት ሲጠፋም ያድናል። ሎካል ስቶሬጅ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ሰው ተውክለት ማለት ነው።

ወደ ሎግኢን ስትልኩት ወዴት እንደሚመለስ በአድራሻው ላይ «ኔክስት» ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ የውጭ አድራሻ እንዳይቀበል አድርጉ። በአንድ / የሚጀምር የራሳችሁ መንገድ ብቻ ይሁን። // ከሆነ ሌላ ድረ ገጽ ነው።

በጎግል የሚገባ ከሆነ

ተጠቃሚው «በጎግል ግባ» ብሎ ከገባ ሁለት ሴሽን አለው፤ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የጎግል። የእናንተን ብቻ ብትዘጉ «በጎግል ግባ» ሲል ያለ ፓስዎርድ ተመልሶ ይገባል። ለራሱ ላፕቶፕ ይህ ጥሩ ነው፤ ማንም አይማረርም። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ግን የተከተለው ሰው በአንድ ክሊክ እሱን ሆኖ ይገባል።

የጎግልን መዝጋት ደግሞ ጂሜይሉንም መዝጋት ስለሆነ ሳይጠይቁ ማድረግ ድፍረት ነው። መሐለኛው መንገድ ሲወጣ የሚያየው ገጽ ላይ «ከዚህ ሲስተም ወጥተዋል፤ የጎግል አካውንትዎ ግን ክፍት ነው» ብሎ መጻፍና የጎግልን መውጫ ሊንክ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ቀጣዩ መግቢያ ላይም አካውንት እንዲያስመርጥ የመምረጫውን ፕሮምፕት አክሉበት። ይህ ፓስዎርድ አያስጠይቅም፤ ቢያንስ በማን ስም እየገባ እንደሆነ ያሳየዋል። የመሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ኪይክሎክ ወይም ሌላ የመግቢያ ሰርቨር ካለው ግን ሁለቱንም በአንዴ ዝጉ። እዚያ ሠራተኛው «ውጣ» ሲል ከሁሉም መውጣት እንደሚፈልግ መገመት አይከብድም። ማሳወቂያውም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ቢሄድ ይሻላል፤ አንዳንድ ብራውዘሮች የሦስተኛ ወገን ኩኪ (ከተከፈተው ገጽ ሌላ የሆነ ድረ ገጽ ኩኪ) ስለሚከለክሉ በብራውዘሩ በኩል የሚደረገው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።